በቀቀኑን ማን አባለገው?

በእኛ አገር ‹‹በቀቀን›› ስድብ ነው። የሰማውን ሳያላምጥ የሚተፋ ሰው ሲያጋጥመን፣ ካድሬው የተላከለትን ወረቀት ቃል በቃል ሲያነበንብብን፣ ተማሪው ሸምድዶ የመጣውን ፈተና ላይ ሲዘረግፈው ‹‹በቀቀን!›› እንላለን። መቼም ለስድብ አናንስም። የሚገርመው ከተሳዳቢዎቹ ስንቶቻችን በቀቀን በዓይናችን እንዳየን ነው። ግቢያችን ውስጥ ጽዱና ሾላው ላይ የምትንጫጫዋ፣ ወንዱ ግንባሩ ቀይ የሆነ አረንጓዴ ወፍ የበቀቀን ዘር መሆኗን፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጪ በዱር የማትገኝ መሆኗን የሚያውቅ ካለ እጁን ያውጣ። እኛ ‹‹ወፍ›› ብለን አልፈናታል።

ይህን ስድብ የፈጠረው ሰው ከበቀቀን ጋር አንድ ሳምንት አላደረም ብዬ እወራረዳለሁ። ቢያድር ኖሮ በቀቀን የሰማውን ሁሉ እንደማይደግም ያውቅ ነበር። መርጦ ነው የሚደግመው። የሚመርጠውም ሰው ዞር ብሎ እንዲያየው ያደረገውን ነገር ነው። ዛሬ ነገሬ እዚህ ላይ ነው፤ በተለይም ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት ስለሚተላለፈው፣ ‹‹ጸባዩ ተበላሽቷል›› እየተባለ እንደ አሮጌ ሶፋ ስለሚጣለው በቀቀን።

እ.ኤ.አ. በ2020 እንግሊዝ አገር፣ ሊንከንሻየር በሚገኝ የዱር እንስሳት ፓርክ አምስት ግራጫ በቀቀኖች ከጎብኚ ዓይን ተሰወሩ። ወንጀላቸው ስድብ ነው። አምስቱም ከተለያየ ቤት ተሰጥተው የመጡ ናቸው። ወደ መንጋው ከመቀላቀላቸው በፊት በለይቶ ማቆያ አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ሰነበቱ። እዚያ አንዱ ይሳደባል፤ ሌላው ይስቃል፤ በቀቀን የሰውን ሳቅም ይቀዳላ! ሠራተኞቹ ይህን ሲሰሙ አብረው ይስቃሉ። ሳቁ ደግሞ ለወፎቹ ደመወዝ ነው። ጎብኚ ፊት ሲወጡ ሥራቸውን ቀጠሉ። ዓለም ሁሉ ሳቀ፤ የወፎቹ ስም ሳይቀር በየጋዜጣው ወጣ። እነዚያን ወፎች ስድብ ያስተማሩ አባወራዎችና እማወራዎች ስም ግን ሲነሳ አላነበብኩም። አምስት ወፍ ከአምስት ቤት ስድብ ይዞ ሲመጣ ጥፋተኛው ወፉ ነው? እ.ኤ.አ. በ2024 ሌሎች ሦስት ተሳዳቢዎች ተጨምረው ስምንት ሲሆኑ ፓርኩ የመረጠው መላ ደግሞ ከብዙ ወፎች መንጋ ጋር መቀላቀል ነበር፤ የሌሎቹን ፉጨትና የመኪና ኋላ ማርሽ ጩኸት ይልመዱ ብሎ። መላው ይሠራ አይሠራ፣ ቢያንስ ከዱላ ይሻላል።

ሌላም ልጨምር። ይኼኛው አያስቅም። እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ፣ ሚሺጋን ግዛት ውስጥ አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ ተገደለ። ግራጫ በቀቀኑ ወደ ቀድሞ ሚስቱ ቤት ተወሰደ። እዚያ እንደደረሰ በሁለት ድምፅ፣ አንዴ በወንድ አንዴ በሴት እየተመላለሰ፣ ጭቅጭቅ ይደግም ጀመር። ፍርድ ቤት ወፍን ምስክር አድርጎ አልቆጠረም፤ የሟች ባለቤት በ2017 ጥፋተኛ የተባለችው በሌላ ማስረጃ ነው። እኔ ግን ወፉን ሳስበው ይዘገንነኛል። ‹‹አዲሱ ወፍ ይጮኻል፣ ይጨቃጨቃል፣ ጸባይ የለውም›› ብሎ ለሌላ ሰው አሳልፎ የሚሰጠው ቢያገኝ ኖሮስ?

ወደ እኛ መንደር ልመለስ። የማውቃቸው አንዲት ወይዘሮ አሉ፤ እትዬ ነው የምላቸው። ባለቤቱ የሥራ ውሉ ካለቀ የፈረንጅ ቤተሰብ ግራጫ በቀቀን ተረከቡ። ሰዎቹ ወፉን ይዘው መሄድ ያልቻሉት በወረቀት ምክንያት ነው። ግራጫ በቀቀን ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ ጫካ እየተጋዘ ስላለቀ (በጋና ብቻ እንኳ እ.ኤ.አ. ከ1992 ወዲህ ከመቶ ዘጠናው እጅ በላይ ጠፍቷል)፣ አገሮች በ2016 ጆሃንስበርግ ላይ ተሰብስበው ዓለም አቀፍ ንግዱ በጥብቅ ከሚከለከል እንስሳት ዝርዝር ውስጥ አስገቡት። ከዚያ ወዲህ የቤት ወፍ ቢሆንም ድንበር ለማሻገር የሚወጣበትም የሚገባበትም አገር ፈቃድ ያስፈልጋል። ሰዎቹ ፈቃዱን ቀድመው አላሰቡትም። አውሮፕላኑ ሊነሳ ጥቂት ቀን ሲቀረው ወፉን ከነሽቦ ቤቱ ለእትዬ አስረከቡ። ‹‹በጣም ጨዋ ነው›› አሏቸው። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ጨዋው ወፍ በሁለተኛው ሳምንት ጎሕ ሲቀድ ጀምሮ ሰፈሩን የሚያነቃ ጩኸት ይጮኽ ጀመር። የቤት ሠራተኛዋን ጣት ነከሰ፤ ደም በደም አደረጋት። ከዚያ የደረቱን ላባ እየነጨ ይጥል ያዘ።

‹‹ጸባየ ብልሹ ነው ያሸከሙኝ፣ ልጄ!›› አሉኝ እትዬ።

‹‹ምን አደረጋችሁት እትዬ?››

‹‹ምን ያላደረግነው አለ?››

እውነታቸውን ነው፣ ያልተደረገ ነገር የለም። ጎረቤት ምክር አይነፍግም። አንዱ ‹‹በጋዜጣ ጠቅልለህ መታ መታ›› አለ (ጋዜጣ ለዚህ ይጠቅማል ማለት ነው፤ ምናልባትም ይኸው ዓምድ ያለበት ገጽ)። ሌላዋ ‹‹በጨርቅ ሸፍኑት፣ ጨለማ ሲሆን ልብ ይገዛል›› አለች። ሦስተኛው ውኃ ርጩበት አለ። የሁሉም አውራ ምክር ግን የሚጥሚጣው ነው፤ ውሻን ኃይለኛ ያደርጋል የሚባለው ሚጥሚጣ አሁን ደግሞ ወፍ ሊያስተምር ታዘዘ። ሠራተኛዋ ጣቷን በሚጥሚጣ ቀብታ እንድታስነክሰው ተደረገ። ወፎች ግን በርበሬ አያቃጥላቸውም። እኛን የሚያቃጥለው ነገር የእነሱን ምላስ አይነካም፤ እንዲያውም በዱር የቃሪያን ዘር በልተው የሚበትኑት እነሱ ናቸው። ወፍዬው ሚጥሚጣዋን አጣጥሞ ጨረሰ። ያለቀሰችው በዚያው ጣቷ ዓይኗን ያሸችው ሠራተኛዋ ናት።

ይኼ ሁሉ ‹‹ምክር›› አንድ እምነት ላይ የቆመ ነው፤ ወፉ ጥፋቱን ያውቃል፣ እልኸኛ ነው፣ ከቀጣነው ይታረማል የሚል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው። ወፉን የሰጠውን ሰው መጠየቅ አንችልም፣ ራሳችንን መጠየቅ አንፈልግም፣ ስለዚህ ክንፍ ያለው ይገረፍ!

ጩኸቱን እንይ። በቀቀን የመንጋ እንስሳ ነው። በዱር ከጓደኞቹ ሲርቅ ‹‹እኔ አለሁ፣ እናንተስ?›› የሚል ጥሪ ያሰማል፤ መንጋው ይመልሳል። መልስ ያጣ ወፍ ብቻውን ነው፤ ብቻውን የቀረ ወፍ ደግሞ የጭልፊት ምሳ ነው። እንግዲህ ይህ ፍጥረት የለመደው ቤተሰብ በአንድ ቀን ጠፋበት፤ ድምፃቸው ሳይቀር። ይጣራል። እትዬ ከጓዳ ‹‹ዝም በል!›› ብለው ይጮኻሉ። እሳቸው የተቆጡ ይመስላቸዋል፤ እሱ ግን መልስ አገኘ። መንጋው መለሰለት! በማግስቱ ጮክ አድርጎ ይጣራል፤ እትዬም ጮክ ብለው ይቆጣሉ፤ አንዳንዴም ከጓዳ ወጥተው ፊቱ ቆመው ጣታቸውን እያወዛወዙ ይገሥጹታል። በጸጥታ ሲያፏጭ ማን መጣ? ማንም። ስለዚህ ምን ተማረ? ማፏጨት አይጠቅምም፣ መጮኽ ይጠቅማል። እኔ አስተማሪ ብሆን እንዲህ ያለ ጎበዝ ተማሪ ባገኘሁ እላለሁ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ግን ቀላል ነገር ሁሉ ቀላል ሆኖ አይገኝም። በለሆሳስ ሲያፏጭ፣ ቃል ሲናገር፣ ዝም ሲል ቶሎ መመለስ፣ ቀረብ ብሎ ማውራት፤ ሲጮኽ ፊትን አለማሳየት፣ ቃል አለመተንፈስ። ሲጮኽ ዝም ማለት ብቻውን ግን ግማሽ ሥራ ነው፤ ለጥሪው መልስ የሚያገኝበት ሌላ በር ካልከፈቱለት ብቸኝነቱን ነው የሚያብሱት። አሁን የሚመጣውን ደግሞ ማንም ቀድሞ አይናገርም፤ ጩኸቱ ከመቀነሱ በፊት ይጨምራል። ትናንት የሠራለት ቁልፍ ዛሬ እምቢ ሲለው ጠንከር አድርጎ ይገፋዋላ! ብዙ ቤት የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ሦስት ቀን ታግሶ በአራተኛው ‹‹ኧረ ጎረቤት ምን ይለናል!›› ብሎ ሮጦ ይሄዳል። ወፉም አዲስ ትምህርት ይጨምራል፤ አራት ቀን ከጮኹ ይመጣሉ።

ንክሻው ደግሞ ከሁሉ በላይ ያናደደኝ ነው። ‹‹ሳይታሰብ ነከሳት›› አሉኝ። ሳይታሰብ አይደለም። በቀቀን ከመንከሱ በፊት ይናገራል፣ በአፉ ባይሆንም። የዓይኑ ብሌን ይጠብና ይሰፋል፣ የማጅራቱ ላባ ይቆማል፣ ጅራቱን እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል፣ ወይም ገላውን ወደ ኋላ ይሰበስባል። ‹‹አትንኪኝ›› ማለት ነው። ሠራተኛዋ ይህን አይታ ነበር፤ ‹‹ፈርቻለሁ›› ብላም ነበር። ‹‹ምን ያስፈራሻል፣ ወፍ እኮ ነው! አስገቢ እጅሽን!›› ተባለች። ወፉም ሠራተኛዋም እምቢ ብለዋል፤ የሁለቱንም እምቢታ የሰማ የለም። የተነከሰችው ግን ትእዛዝ የሰጠችው እጅ አይደለችም። በየቤታችን የእንስሳ ጸባይ ሲበላሽ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ልብ በሉ፤ ውሻውን የምታበላው፣ የሽቦ ቤቱን የምትጠርገው፣ ‹‹አልፈልግም›› የማለት መብት የሌላት ልጅ ናት። ማስጠንቀቂያው እየተረገጠ ሲሄድ ወፉም ማስጠንቀቁን ይተዋል፤ ቀጥታ ይነክሳል። ያኔ ነው ‹‹ሳይታሰብ›› የሚሆነው፣ እኛ ስላደረግነው።

መፍትሔው እጅን ማጠንከር አይደለም፤ መጠየቅ ነው። በትር አቅርቦ ‹‹ትወጣለህ?›› ማለት፤ ከወጣ የሚወደውን አንድ ፍሬ መስጠት፤ ካልወጣ መሄድ። ነገም ደግሞ መጠየቅ። ደግሞ እባካችሁ ጀርባውንና ክንፉ ሥር አታሻሹት። እኛ ፍቅር የምንለውን እሱ የጥንድነት ጥያቄ አድርጎ ነው የሚወስደው፤ ከዚያ አንዱን የቤት ሰው ‹‹ሚስቴ›› ብሎ ሌላውን ሁሉ ጠላት ያደርጋል። ጭንቅላቱን ማከክ ይበቃዋል።

ላባ መንጨቱ ከሁሉም የከበደ ነው፤ ምክንያቱም በዱር ያለ በቀቀን ራሱን እንዲህ አይነጭም። ይህ የሽቦ ቤት በሽታ ነው። ቀድሞ ሐኪም ማየት አለበት፤ የቆዳም የውስጥም ሕመም ሊሆን ይችላል። እርግጥ የእኛ የእንስሳት ሐኪሞች እጅ የለመደው ከብትና ዶሮ ነው፣ ቢሆንም ዶሮ ያከመ ከሰፈር አዋቂ ይሻላል። ከዚያ ወደ ቤቱ መዞር ነው። የእትዬን ሳሎን አየሁት። የሽቦ ቤቱ ቴሌቪዥኑ ጥግ ነው፤ መብራቱ እስከ እኩለ ሌሊት ይበራል። ይህ ወፍ በቀን ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ጨለማና ጸጥታ ይፈልጋል። ምግቡ ሱፍ ብቻ ነው፤ ቅባቱ በዝቶ ቫይታሚን ኤና ካልሲየም የሚያጣበት። ጎመን፣ ካሮት፣ ስኳር ድንች ማን ከለከለው? አቮካዶና ቸኮሌት ግን መርዙ ናቸው። ከሰሉ፣ ዕጣኑ፣ የሚቆላው ቡና ጭሱን ሽቅብ ወደ እሱ ይልከዋል፤ የወፍ ሳንባ ደግሞ ከእኛ ይልቅ ለጭስ ስስ ነው። የማያጣብቅ ተብሎ የሚሸጠው መጥበሻ ከልኩ በላይ ሲግል የሚያወጣው ጋዝማ ወፍን በደቂቃዎች ይገድላል። ቡናችሁን ተዉ አልልም፤ እንደዚያ የሚል ሰው ከዚህ አገር ይባረራል። የሽቦ ቤቱን ግን ወደ ሌላ ክፍል መውሰድ ያቅታል?

ከዚህ ሁሉ በላይ ሥራ ፈትነቱ አለ። በዱር የቀኑን ትልቁን ክፍል ምግብ ፍለጋ የሚያሳልፍ ፍጥረት እዚህ ሣሕን ቀርቦለት በሩብ ሰዓት ይጨርሳል። ቀሪውን ቀን ምን ይሥራ? ላባውን ይቆጥራል። እሸት በቆሎ ከነልብሱ ስጡት፣ ይግፈፈው። ለውዙን በወረቀት ጠቅልላችሁ፣ በእንቁላል ካርቶን ሸሽጋችሁ ስጡት፣ ይፈልገው። ገንዘብ አይፈጅም።

‹‹ወፍ ነው፣ ምን አእምሮ አለው?›› ለሚለኝ አንድ ወፍ ልጥራለት። እ.ኤ.አ. በ1977 አይሪን ፔፐርበርግ የምትባል ተመራማሪ ቺካጎ ከሚገኝ የእንስሳት መሸጫ ሱቅ ‹‹አሌክስ›› ያለችውን ግራጫ በቀቀን ገዛች። በ2007 በ31 ዓመቱ እስኪሞት ቀለም ይለይ፣ ቅርጽ ይለይ፣ እስከ ስድስት ይቆጥር ነበር። ፈተናው ሲሰለቸው ወደ ቦታው እንዲመልሱት በቃሉ ይጠይቅ ነበር። የእኛው ወፍ ቃሉ ስለሌለው በጩኸትና በምንቃር ይጠይቃል፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

‹‹ሰው ኑሮ ከብዶት አንተ ስለ ወፍ ትጽፋለህ?›› የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይህን የሚሉኝ ሰዎች ግቢያቸው ውስጥ በአንድ ሜትር ሰንሰለት የታሰረ፣ ከሦስት ቤት ‹‹ይናከሳል›› ተብሎ የተባረረ ውሻ አላቸው። ኑሮ መክበዱን ማን ይክዳል? ግን ኑሮ የከበደው ሰው በቀቀን ውሰድ ብሎ አላስገደደውም። ካልቻልክ አትቀበል፤ ከተቀበልክ ደግሞ ኑሮ ስለከበደህ አትምታው።

አንዱ ጎረቤት ደግሞ ጽድቅ ፈልጎ ‹‹ልቀቁት፣ ነፃ ይውጣ›› አላቸው። የቆላ ጫካ ወፍ፣ በሰው እጅ ያደገ፣ ምግቡን መፈለግ የማያውቅ፣ ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የአዲስ አበባ የሌሊት ብርድ ውስጥ ‹‹ነፃ›› ሲወጣ ለድመት ነው የሚወጣው። ከጣራው ሥር አውጥቶ መግደል ነው፤ ሬሳውን ስለማናይ ብቻ ነው ጽድቅ የሚመስለን።

ወፉን ከቤት ወደ ቤት ማስተላለፍ በራሱ ነውር ነው አልልም። በቀቀን በሰው ቤት አርባ፣ ስልሳ ዓመትም ሊኖር ይችላል፤ ጌታውን ይቀብራል። መተላለፉ አይቀርም። ነውሩ ‹‹ጨዋ ነው›› ብሎ አስረክቦ አውሮፕላን መሳፈሩ ነው። ፈረንጁም እኛም በዚህ አንለያይም፤ የሚናከስ ውሻ ‹‹ልጆች ይወዳል›› እያልን እንሰጣለን፣ የምትራገጥ ላም ‹‹ረጋ ያለች›› ብለን ገበያ እናወጣለን። የሚቀበለው ሰው በባዶ እጁ ይጀምራል፤ ወፉም የማያውቁት ሰዎች በማያውቀው ሕግ ይቀጡታል። ሲነክስ ደግሞ ይተላለፋል፤ በሚቀጥለው ቤት ያንን ንክሻ ይዞ ይገባል።

ስለዚህ ወፍ የምትሰጡ ሁሉ ወረቀት ጻፉ። ስንት ዓመቱ እንደሆነ፣ ከእናንተ በፊት ስንት ቤት እንዳየ፣ ወረቀቱ ሕጋዊ መሆኑን ጻፉ። በስንት ሰዓት ይተኛል፣ ምን ይበላል፣ የትኛውን ፉጨት ስትመልሱለት ዝም ይላል። ወንድ ይፈራል ወይስ ሴት፣ ባርኔጣ ያስደነግጠዋል ወይ፣ መጥረጊያ ሲያይ ምን ያደርጋል። ማንን ነከሰ፣ መቼ፣ ከመንከሱ በፊት እናንተ ምን እያደረጋችሁ ነበር። እቤታችሁ ውስጥ በንዴት ስትጮኹ የምትሉትን ቃልም ጻፉ፤ የሚቀበለው ሰው አንድ ጠዋት በእናንተው ድምፅ ሲሰማው እንዳይደነግጥ።